እትዬ አረፉ

እትዬ ያረፉት ማክሰኞ ጠዋት ነው። በድንገት። ሲመሽ ደህና ነበሩ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው ደረቴ ላይ ቆመው ቀሰቀሱኝ። ተነስቼ ሳህናቸውን አሳየኋቸው። ሙሉ መሆኑን አይተው፣ ምንም ሳይቀምሱ ተመልሰው ተኙ። አንድም ሌሊት ተዘሎ የማያውቅ ቁጥጥር ነበር። ጠዋት ከመስኮቱ ዘለው ወረዱ፣ አንድ ጊዜ ጮኹ፣ ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ሐኪም ጋ ስንደርስ አልቋል።

እትዬ ድመት ናቸው።

ቤቴ የገቡ ሰሞን ስማቸው «ውሮ» ነበር። ስጠራቸው ዞር ብለው አያዩኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሶፋው የማን እንደሆነ፣ መስኮቱ የማን እንደሆነ፣ እኔም የማን እንደሆንኩ ተለየ። እንዲህ ያለ ፍጡር «አንቺ» አይባልም። እትዬ አልኳቸው። ያን ጊዜም ዞር ብለው አላዩኝም፤ እኔ ግን ቀለል አለኝ።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። «የልብ ጡንቻ መወፈር ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። በድመቶች ላይ ከሚታዩት የልብ በሽታዎች በብዛት የሚገኘው ይኸው ነው። የልብ ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፣ ደም የሚይዘው ክፍሉ ይጠብባል። ድመቷ ግን ትበላለች፣ ትዘላለች፣ መጋረጃ ትቀዳድዳለች። ድመት ደግሞ ሕመሟን መደበቅ ታውቅበታለች። አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት ራሱ ሞቱ ነው። «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን የሆነ ጥፋት ቢያገኝልኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ ረዳቱ መጣና ጠየቀኝ። «እዚሁ ትጥላታለህ ወይስ ትወስዳታለህ?»

እዚህ ላይ አማርኛ ከዳኝ። ቋንቋችን ለሞት ድሃ አይደለም። ሰው ሲሆን አረፈ፣ አለፈ፣ ተለየን እንላለን። ከብት ሲሆን በከተ እንላለን። ከሁለቱ መሃል አንድ ሰፊ ባዶ ሜዳ አለ፤ ድመቴን ይዤ የቆምኩት እሱ ላይ ነው። «አስከሬን» ብል ረዳቱ ይስቃል። «ጥንብ» የሚለውን ደግሞ አፌ እሺ አይልም፤ ትናንት ማታ ደረቴ ላይ ሆነው ኩርር ሲሉ የነበሩ ናቸው። «እወስዳቸዋለሁ» አልኩ። ረዳቱ ሌሎቹን ፍለጋ ዙሪያውን አየ።

ወደ ቤት እየሄድኩ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል።

«ጌታዬ፣ ዛሬ አልገባም። እትዬ አረፉ።»

«ውይ! ውይ! ውይ! መቼ?»

«አሁን ጠዋት።»

«ታመው ነበር እንዴ?»

«አይ፣ በድንገት ነው። ልብ ነው አሉኝ።»

«ይኼ ልብ የሚሉት ነገር! ለመሆኑ ጠና ብለው ነበር?»

«ስድስት።»

«ስድሳ! ምን ዕድሜ ነው እሱ? ገና ነበሩ እኮ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሐዘን ግን ሰውን ሐቀኛ ያደርጋል። «ስድሳ አይደለም» አልኩ። «ስድስት ዓመት።»

ስልኩ ጸጥ አለ። የሚያስብ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል።

«እትዬ... ምንህ ናቸው?»

«ድመቴ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን የሰዋስው ቁልቁለት አልረሳውም። እትዬ በአንድ ትንፋሽ ከ«እርሳቸው» ወደ «እሷ»፣ ከ«እሷ» ወደ «ይቺ» ወረዱ። «ይቺ ድመት ናት እንዲህ ያደረገችህ? በል በአራት ሰዓት ስብሰባ አለ።» የሰጠኝን ሦስት «ውይ» አንድ በአንድ መልሶ ወሰደ።

ገባሁ። ምን ይደረጋል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንዷ ባልደረባዬ በእውነት አዘነችልኝ፤ እሷ ራሷ ድመት አላት። ሌላው «ስንት ሰው እያለቀ ባለበት ዓለም!» አለኝ። ይኼ ሰው ይገርመኛል። ድመት ሲሞትብህ የዓለምን ሬሳ ሁሉ ጭኖ ፊትህ ይደረድራል። ለዚያ ሁሉ ሰው ግን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን እንኳ ሲያዝን የነበረው ስለ ኳስ ነው።

አንዱ ደግሞ መርማሪ ነው። «ምን አብልተሃት ነው?» አለ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ። ስለ ልብ ጡንቻ ብነግረውም አልተዋጠለትም። ሌላው «ድመት ሰባት ነፍስ አላት ይባላል፣ ጠብቃት እስቲ» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ዘጠኝ ነው የሚሉም አሉ። እትዬ አንዷን ብቻ ይዘው እንደመጡ ግን ሐኪሙ አረጋግጧል።

ማታ ጎረቤቴ ጋሼ መጡ። የጡረታ ሰው ናቸው። ከእትዬ ጋር አይዋደዱም ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። «ያቺ ሌባ» ነበር የሚሏቸው። ነገርኳቸው። በሩ ላይ እንደቆሙ ትንሽ ዝም አሉና «በቃ ሌላ ታመጣለህ» አሉኝ። «ድመት እንደሆነ ሞልቷል።» እውነታቸውን ነው፤ ሞልቷል። ሰውም ሞልቷል። ባሏ የሞተባትን ሴት ግን በዚያው ቀን ማታ «በቃ ሌላ ታገቢያለሽ» የሚላት የለም። ቢያንስ ጥቂት ወር በትዕግሥት ይጠበቃል። ይህን አላልኳቸውም። እርሳቸው ግን ፊቴን አይተው ማጽናኛ ጨመሩልኝ። «ድመት እኮ ቤቱን እንጂ ሰው አትወድም።»

እዚህ ላይ አልቻልኩም፤ ተከራከርኩ። አዋቂ ድመት ከድመት ጋር ስትነጋገር ሚያው አትልም ማለት ይቻላል። እርስ በርስ በጠረን፣ በጭራ፣ በጆሮ ይግባባሉ። ግልገል እናቱን ይጠራበታል፤ ካደገች በኋላ ግን ሚያው የምትለው ለሰው ነው። «ስለዚህ ጋሼ፣ እትዬ ለእኔ ብለው ያቆዩት ቋንቋ ነበራቸው» አልኩ። ጋሼ አሰቡበት። «እና ምን ይሉህ ነበር?» አሉ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። በአብዛኛው ስለ ሳህኑ ነው።

በዚያ ሌሊት በአስር ሰዓት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲል ስልክ ይነካካል። ኬኔዝ ዶካ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለት አገኘሁ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ፈቃድ ያልተሰጠው ሐዘን» ሆነልኝ። ታዝናለህ፣ ግን ዙሪያህ ያለው ሰው መብትህን አያውቅልህም። ቤት እንስሳ የሞተበት ሰው አንዱ ባለጉዳይ ነው። ደስ አለኝ፤ እንግዲህ አላበድኩም፣ ማኅተም ነው የጎደለኝ።

ነገሩ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ግብፆች ሲጽፍ፣ ድመት በሞተችበት ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ቅንድቡን ይላጫል ይላል። ውሻ ከሆነ ጭንቅላቱን ጨምሮ መላ ሰውነቱን። (ውሻ እዚህም አንድ ደረጃ በልጧል፤ እትዬ ይህን ሳይሰሙ መሄዳቸው ደግ ነው።) መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቅንድቤን በመስታወት አየሁት። አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ ሲባል ያለ ቅንድብ ብቀርብ ማን ጥያቄ ይጠይቀኛል? ማንም። የሕመም ፈቃድ ሁሉ ሳይሰጡኝ አይቀሩም። ምላጩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ቆጵሮስ ውስጥ ደግሞ የዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ የተቀበረ ሰው ተገኝቷል፤ ግኝቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከጎኑ፣ በራሷ ትንሽ ጉድጓድ፣ የስምንት ወር ድመት ተቀብራለች። በሁለቱ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። 40 ሴንቲ ሜትር! ድመት ያለው ሰው ይቺን ርቀት ያውቃታል። ቅረበኝ፣ ግን እንዳትነካኝ የምትባል ርቀት ናት። እትዬም ስንተኛ የሚያስጠብቁት ይህንኑ ነበር፤ ደረቴን የሚፈልጉት ሥራ ሲኖራቸው ነው።

እኔ ብሞት ኖሮ እትዬ ቅንድብ እንደማይላጩ አውቃለሁ። ሳህናቸው ካልጎደለ ልብ የሚሉትም አይመስለኝም። ይህን ለራሴ ነግሬው ነበር፣ ይረዳ እንደሆነ ብዬ። አልረዳም። ቅዳሜ ጥቁር ሱሪዬን ሳወጣ ጸጉራቸው ሞልቶበታል። ስድስት ዓመት ስረግም የኖርኩት ጸጉር ነው። ብሩሹን ይዤ ቆሜ፣ ሱሪውን እንዳለ አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት።

እሑድ ጋሼ እንደገና መጡ። ቤቴ አንድ የበር ሕግ ነበረው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ብቻ ይከፈታል፣ ገቢው በጎኑ ይገባል፣ እትዬ እንዳያመልጡ በእግሩ ይከለክላል። ጋሼ ይህን ሕግ ሲሰድቡት ነው የኖሩት። በሰፊው ከፈትኩላቸውና ወንበር ላቀርብ ወደ ውስጥ ዞርኩ።

«ኧረ በሩን!» ብለው ጮኹ ከኋላዬ። «ትወጣለች እኮ!»

ዞር ስል በጎናቸው ቆመዋል። አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ ዘርግተው ማንንም ይከለክላሉ። ተያየን። እግራቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ስለ አየሩ ጠየቁኝ።