ይድረስ ለተከበሩት የሰፈራችን ቦይ

ክቡር ቦይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከግራ ቁርጭምጭሚቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእርስዎን ደህንነት ደግሞ እሁድ ዕለት ውስጥዎ ገብቼ አረጋግጫለሁ። ጠግበዋል። ሞልተዋል። አንዲት ፌስታል የሚጨመርበት ቦታ እንኳን አልቀረዎትም። ለእኔ ግን ተገኘልኝ።

ጎረቤት ስለሆንን ብዙ ችዬዎት ኖሬያለሁ። አምና የልጄን ኳስ ዋጡ፤ ዝም አልኩ። ለጥምቀት ከሩቅ የመጡ እንግዶቼን አፍንጫ አስያዙ፤ «ሰፈሩ ጥንታዊ ነው» ብዬ ሸፈንኩልዎት። ትንኝዎን ተውኩት። የእሁዱን ግን ሆዴ አልቻለውም።

የእህቴ ልጅ ሊያገባ ነው። እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጥን። ቃል ተናጋሪው እኔ ነኝ። ሱፌን ከላውንደሪ አወጣሁ። ጫማዬን ፒያሳ ሊስትሮ ጋ ቁጭ ብዬ አስጠረግሁ። ነጭ ጋቢ ደረብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ተነሳን።

መንገዱ ባሕር ሆኗል። መቼም እኛ የባሕር ዳርቻ ሰዎች አይደለንም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል፣ ተዳፋት ላይ ነው ያለነው። ውኃ እዚህ ቆሞ የሚያድርበት አንድም ምክንያት የለውም። መንገድ ካገኘ በግራም በቀኝም ራሱ ይወርዳል። እርስዎ ግን አፍዎን ዘግተው አስፋልቱን አስረከቡት። እርስዎ የት ላይ እንደሚያበቁ፣ መንገዱ የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም። ሁሉም ቡናማ ነው።

ከክዳኖችዎ አንዱ ሚያዝያ ላይ ተሰበረ። ብረቱን ሌባ ወሰደው። ሰፈርተኛው በጉድጓዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተከለበት። እንደምታውቁት በአገራችን ይህ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው። ቅርንጫፉ ከሚያዝያ ጀምሮ ሰው እንዳይገባ ሲጠብቅ ከረመ። ደመወዝም አልጠየቀ። እሁድ ዕለት ጎርፉ ይዞት ሄደ።

እና ገባሁ። ከነሱፌ፣ ከነጋቢዬ፣ እስከ ወገቤ።

ቦታው የባጃጅ ተራ ነው። ሰው ሞልቷል። «ኧረ ጋሼ!» ብለው ልጆቹ ሮጡ። አንዱ እጁን ዘረጋልኝ። ሌላው ስልኩን ዘረጋ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ እንደወጣ ልጄ ማታ ነገረችኝ፤ ብዙ ሰው ወዶታል አሉ። ያወጣችኝ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ናት። መቀነቷን ፈታ ወረወረችልኝና ጎተተች። እኔ ወጣሁ። የግራ ጫማዬ ቀረ።

ልመለስና ልብስ ልቀይር አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ «ሽማግሌ ከመንገድ ከተመለሰ ነገሩ አይቀናም» አሉ። በአንድ ጫማ ሄድኩ።

የልጅቷ ቤት ደረስን። ሳሎኑ አምሮ ተዘጋጅቷል። ሶፋው ነጭ ዳንቴል ለብሷል። አባትየው «ኧረ ተቀመጡ» አሉ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ። ወጉም ይኸው ነው። እሳቸው ለወጉ የቆምኩ መሰላቸው። እኔ የቆምኩት ለዳንቴሉ ነው። ከሱሪዬ የሚንጠባጠበው ምንጣፋቸው ላይ ኩሬ ሠራ። እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን…» ብዬ ሳልጨርስ አባትየው ኩሬውን አዩ፤ ከዚያ እግሬን አዩ። «ለመሆኑ ልጃችሁ የት ሰፈር ነው የሚኖረው?» አሉ። ነገርናቸው። ዝም አሉ። «ከፍልሰታ በኋላ ተመለሱ» ተባልን።

ሙሽራ በጠባዩ ይጠየቃል። በሥራው፣ በቤተሰቡ ይጠየቃል። የእኛ ልጅ በቦይ ተጠየቀ።

ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። ተራችን ገና ነው። ከበር ውጭ ያለው ውኃ ባጃጅ ያንሳፍፋል፣ ከበር ውስጥ ያለው ፊት አያስታጥብም። ከጎረቤት ጀሪካን ተበድሬ ታጠብኩ። የአንገረብ ግድብ ለዚህች ከተማ ውኃ እንዲይዝ ተሠርቶ አፈር ይይዝልናል። ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ የወረደው ደለል ሆዱን ሞላው። የሥጋ ዘመድዎ መሆን አለበት፤ በሽታችሁ አንድ ነው። የመገጭን ግድብ አላነሳም። ልጆቻችን «መገጭ ሲያልቅ» እየተባሉ አድገዋል።

ሰኞ ጠዋት አቤት ልል ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም። ሁላችሁም ወንበሩን ታውቁታላችሁ፤ ያ አንድ እግሩ አጭር የሆነው።

«ጋሼ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«ቦይ ውስጥ ገብቼ ነበር።»

«ለምን ገቡ?»

እስኪ መልሱልኝ።

ቀጥላ ቦዩ ከአስፋልቱ ዳር ነው ወይስ ከኮብልስቶኑ አለችኝ። የአስፋልቱ ከሆነ ሌላ ክፍል ነው፣ የኮብልስቶኑ ከሆነ ሌላ። ውስጥዎ ያለውም ይለያያል። ደረቅ ቆሻሻ ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፍሳሽ ከሆነ ጭራሽ ሌላ ግቢ። «ደረቅ ነው ፈሳሽ?» አለች። ሁለቱም ነው አልኳት። ናሙና ከፈለገች ሱፌ ቤት አለ።

ከዚያ ፎርም መጣ። ከቀበሌ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ። «የጠፋ ንብረት» በሚለው ላይ ጫማ ብዬ ሞላሁ። ደረሰኝ ይያያዝ ተባልኩ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ለጫማ ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ የምታውቁ ካላችሁ አሳዩኝ። ማስረጃ ከተፈለገ የቀኙ ጫማ በእጄ አለ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው የጠፋው ግማሽ ነው» አለች። ግማሽ ብላ ጻፈች።

ሲስተም የለም። ይሄ ዜና አይደለም።

ኃላፊውን ላናግር አልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። የስብሰባው ርዕስ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ «የክረምት ጎርፍ ቅድመ ዝግጅት» ይላል። በነሐሴ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኛ ጅብ ገና አልሄደም፤ ሳሎን ገብቶ ተቀምጧል።

ቅድመ ዝግጅት አልተደረገም ብዬ ግን አልዋሽም። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በጀቱ ሊዘጋ ሲል፣ መጥተው ነበር። ያስታውሳሉ፤ ባነርም ነበር። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ደለልዎን ዝቀው አወጡ። ፎቶ ተነሡ። ያወጡትን ከጎንዎ ከመሩትና ሄዱ። የሚጭነው መኪና «ነገ ይመጣል» ተባለ። በነጋታው የመጣው ዝናብ ነው። ክምሩን ሳይበትን፣ ሳያጎድል፣ ወደ ሆድዎ መለሰው። ሪፖርቱ ላይ ግን ጸድተዋል። እንኳን ደስ አለዎት።

ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ገባ። አሁን ደግሞ በጀት አልተለቀቀም። ሰኔ ላይ ተዘግቷል፣ ሐምሌ ላይ አልተለቀቀም፣ ነሐሴ ላይ ስብሰባ ነው። ከዓመቱ ዝናባችን ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በነዚሁ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ክረምት እንደ ፋሲካ ቀኑ አይዘዋወርም። ከአፄ ፋሲል በፊትም በዚሁ ጊዜ ነበር የሚመጣው። ደግሞ በፋሲል ካነሳን አይቀር፣ በየዓመቱ ለጥምቀት የቀሃ ወንዝ ውኃ በቦይ መጥቶ የፋሲልን መዋኛ ይሞላል። ጥር ላይ ውኃ ማምጣት የምትችል ከተማ ነሐሴ ላይ መሸኘት አቃታት።

በሽታዎ ሁሉ ከቢሮ የመጣ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት ፌስታል ቋጥሮ የሚያጎርስዎትን ጎረቤት በመስኮት አየዋለሁ። ሃይላንዱን፣ ዳይፐሩን፣ የጫቱን ገረባ። ጠዋት ደግሞ ቀድሞ የሚያማርረው እሱ ነው። ከ0.03 ሚሊሜትር የቀጠነ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል። በ2017 ደግሞ ፌስታልን ጭራሹን የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። እርስዎ ጋ ያለውን ወርዶ የሚለካ ጠፋ እንጂ ሕግስ ነበረን።

አሁን ቀልዱን ልተወው።

ከእርስዎ በታች፣ ወደ ቀሃ ሲወረድ፣ አንዲት እናት አሉ። ጠላ ጠምቀው ነው የሚተዳደሩት። እሁድ ሌሊት ውኃው በበራቸው ሥር ገባ። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ለክረምቱ ያስቀመጧት እህል፣ ሁሉም ረጠበ። ከልጅ ልጃቸው ጋር አልጋ ላይ ቆመው አነጉ። ጠዋት ሰዎች መጡ። መዘገቧቸው። ሄዱ። አምናም ተመዝግበዋል። ካቻምናም ተመዝግበዋል። እኒህ ሴት መዝገብ ላይ ሀብታም ሆነዋል፤ ቤታቸው ውስጥ ግን አንድ ደረቅ ብርድ ልብስ የለም።

አንቱታው ለጊዜው ይቆይ። አንተ ቦይ፣ ስማኝ። እኔን ወገቤ ላይ አቆምከኝ፤ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ። ያ የልጅ ልጅ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው። ዳቦ ሲላክ በጉድጓድህ ላይ ዘሎ ነው የሚያልፈው። እሁድ የወደቅኩት እኔ ባልሆን፣ እሱ ቢሆን፣ መቀነት የሚበቃው ይመስልሃል? አንድ ክዳን ምን ያስወጣል? ትንሽ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጥቂት ብረት። የሰኔው ባነር ሳይበልጠው አይቀርም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ መግለጫ ይወጣል፣ «ጥልቅ ሐዘን» ይሰማቸዋል፤ ለዚያ ማንም በጀት አልተለቀቀም ብሎ አያውቅም። ሰው ሳይሞት የሚሠራ ነገር ላይ ነው ብሩ የሚያልቀው።

ከዚህ የሚወርደው ደግሞ እዚህ አይቀርም። መገጭ ይገባል፣ የደምቢያን ሜዳ ያቋርጣል፣ ጣና ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደምቢያና ፎገራ በጎርፍ ምን እንደሆኑ አይተናል። የተራራውን ጎርፍ ማቆም ከባድ ነው፤ ይሁን። ዝቀው ያወጡትን ጭቃ በመኪና ጭኖ መውሰድ ግን ምን ጥበብ ይጠይቃል? መኪና ነው! አንድ መኪና!

ክቡር ቦይ፣ ይቅርታዎን። ወደ ደብዳቤያችን እንመለስ።

ትናንት ማታ ዕድራችን ተሰበሰበ። ቅዳሜ ጠዋት ጡሩምባ ይነፋል። የሞተ ሰው ስለሌለ አይደንግጡ። አካፋና ዶማ ይዘን ነው የምንመጣው። አሸዋ የሚጭን ጎረቤታችን ገልባጭ መኪናውን ይሰጠናል፤ ነዳጁን ከዕድሩ ሣጥን እንችላለን። የምናወጣውን ከዳርዎ አንከምርም። ክዳኑንም አንድ ግንበኛ አባላችን ያፈስልናል። ለወጉ ብለን ቢሮውን ጠየቅን። «የመንግሥት መሠረተ ልማት ለመንካት ፈቃድ ያስፈልጋል» ተባልን። እኔ እስከ ወገቤ ስነካው ማንም ፈቃድ አልጠየቀኝም።

ፎርሙን ወስደናል። ቅዳሜ ከሥራው በኋላ እንሞላዋለን።

እስከዚያ ሌላ ሰው እንዳይውጡብን አደራ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ቃል ተናጋሪው ሽማግሌ

ግልባጭ፦ ለልጅቷ አባት፤ ከፍልሰታ በፊት እንዲያውቁት