መበደር በአዋጅ፣ መክሰር በሽሽት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ነጋዴዎችና ባንኮች በተገናኙበት ስብሰባ አንድ ነጋዴ ተነስቶ ጠየቀ። ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው፣ ነጋዴም ይሁን መምህር፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ከስሬያለሁ» ብሎ ያለውን አስረክቦ የሚገላገልበት ሥርዓት ለምን አይኖርም? ከመድረኩ አንድ የባንክ ኃላፊ ሁለት መልስ ሰጡ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ከወጣ ብድር የሚመልስ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ዕዳ ማራገፍ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የጎጃም ሰው ባህል አይደለም። ተጨበጨበላቸው።

ከሁለተኛው ልጀምር። የባሰው እሱ ነው።

ኧረ ለመሆኑ የትኛው ባህል? እኛ አገር አበዳሪና ተበዳሪ ሲካረሩ መጀመሪያ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹስ ምን ይላሉ? «ወለዱን ተውለት። ዋናውን በሁለት መኸር ይክፈልህ። ሰውየውን ከነልጆቹ አትበትነው» ይላሉ። አበዳሪው ያጉረመርማል፣ በስተመጨረሻ እሺ ይላል። ይሄ ዕዳ ማራገፍ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባት ዓመቱ አበዳሪ ለባልንጀራው ያበደረውን እንዲተው ያዛል። ይሄም የፈረንጅ ነው የሚሉ ከሆነ ዲማ ጊዮርጊስ ወርደው ከሊቃውንቱ ጋር ይከራከሩ።

ባህል ከተባለ ደግሞ ቁራኛም ባህላችን ነበር። ባለዕዳው ከባለገንዘቡ ጋር ተቆራኝቶ አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያድራል። ኃላፊው የናፈቃቸው ያ ከሆነ በግልጽ ይንገሩን።

አገሪቱ የኪሳራ ሕግ የላትም አላልኩም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነበረው። ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም ሦስተኛ መጽሐፉን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቷል። ግን ለማን? ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር። መምህሯ የለችበትም። ነርሱ የለበትም። ማሳውን የሚያርሰው ገበሬም የለበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ወደ ብድር የሚያስገባው በር በየጊዜው ይሰፋል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት አስይዞ መበደርን ፈቀደ፤ ላምና በሬ ሳይቀር። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቀደ። በስልክ ቁልፍ ተጭኖ መበደርም ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ ቴሌብር ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» አሉ። ጥሩ ነው፣ ማንም ብድር አይጠላም። አበዳሪው የሚሸጥበት በርም ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የተያዘለትን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዶለታል። ለማበደር አዋጅ አለ። ለመያዝ አዋጅ አለ። ለመሸጥ አዋጅ አለ። መጨረሻ ላይ ለቆመው ባዶ እጅ ሰው ግን ባህል ተጠቀሰለት!

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ያው አዋጅ 1243 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ማኅበሩ ሲከስር ዕዳው በመርሕ ደረጃ ከማኅበሩ ንብረት አያልፍም። ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። በነጋታው ሌላ ማኅበር ቢያቋቁም የሚያፍርለት የለም፤ እንዲያውም «ልምድ ያለው ባለሀብት» ይባላል። እንግዲህ ሰው ወረቀት ላይ ድርጅት ሆኖ ከከሰረ ሥርዓት አለው። ነጋዴ ያልሆነ ተራ ሰው ሆኖ ከከሰረ የለውም። ያ ሲሆን «ተበዳሪው ይባልጋል» ብሎ የሰጋ ባንክ አልሰማንም።

አንዲት መምህርት አውቃለሁ። ለባልደረባዋ ዋስ ሆና ፈረመች። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል፤ ማን ያነበዋል? ባልደረባዋ ከተማውን ለቆ ጠፋ። አበዳሪው እሱን አልፈለገውም፣ ቀጥታ እሷ ጋ መጣ። ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1933 ይፈቅድለታል። የደመወዝ ወረቀቷን አሳይታኛለች። ግብር፣ ጡረታ 7 በመቶ፣ ከዚያ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ» የሚል መስመር። ከደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ሕግ ከልክሏል፣ ተመስገን ነው። ግን እስቲ እናስላው። ዕዳው 600 ሺህ ብር ይሁን። ወለዱን በፍትሐ ብሔር ሕጉ 9 በመቶ እንያዘው፤ ባንኮች ከሚያስከፍሉት በታች ነው። በወር 4,500 ብር ወለድ ይመጣል። ደመወዟ 12 ሺህ ቢሆን ሲሶው 4,000 ነው። በየወሩ እየከፈለች በየወሩ ዕዳዋ 500 ብር ያድጋል። ጡረታ ስትወጣ ዕዳዋ መክፈል ስትጀምር ከነበረው ይበልጣል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው።

ነጋዴውንም እንየው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ጎጃም ውስጥ መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ አንባቢ ያውቃል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ደጀን ላይ ይቆማል። ሾፌሩ ሸራውን እየፈታ ያያል፣ መልሶ ያስራል፤ ዝናብ የነካው ከረጢት ይሸታል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ከሌላ ገዝቷል። መንገዱ ሲዘጋ ወለዱ አይዘጋም። ለዳኛ ልንገር ቢል ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 ይጠብቀዋል፦ ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ቢከብድም ውሉ እንዳለ ይጸናል። ኃላፊው ይሄን ሰው ነው «ብድር የማይመልስ» ያሉት?

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ። ሕጉ ከመጣ ሁሉም ይክዳል አሉ። አሜሪካ ውስጥ ለግል ኪሳራ የሚዘጋጅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ዘመድ ያለው ደውሎ ይጠይቅ። ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የብድር ምክር መውሰድ አለበት። ያለበትን ዕዳ በሙሉ፣ ያለውን ንብረት እስከ ጣቱ ቀለበት ይዘረዝራል። የደመወዝና የግብር ማስረጃ ያቀርባል። ምሎ ይጠየቃል። ለወንድሙ በስጦታ ያሸሸው ንብረት ካለ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል። የልጅ ቀለብ አይሰረዝለትም። አብዛኛው ግብር አይሰረዝለትም። መዝገቡ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆይበታል። ከዋሸ እስር አለ። ይሄ ለአጭበርባሪ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው? ደግሞ ፈረንጅ ፈረንጅ አትበሉን። ኬንያ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣችው ሕግ ተራ ግለሰብንም ያካትታል። ናይሮቢም ፈረንጅ አገር ሆነች?

አጭበርባሪ የለም አልልም። እቁብ በልቶ የጠፋ በየከተማው አለ። ግን እሱ የጠፋው የኪሳራ ሕግ በሌለበት አገር ነው። ሕግ አልጠበቀም፣ ሲም ካርዱን ጥሎ ሄደ። የሚቀረው ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ፈርሞ ለአራጣ አበዳሪ የሰጠው ምስኪን ነው። ስንቅ የሌለው፣ ማለት ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል፤ አራጣውም ወንጀል ነው፣ ግን ጣቢያ የሚሮጠው ቼኩን የያዘው ነው። የቀሩት ባለገንዘቦችስ? ቀድሞ የደረሰ ያገኘውን ይወስዳል። የእቁቡ ሰው፣ ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ፣ በዱቤ የሰጠው ጎረቤት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀራሉ። ሥርዓት ያለው ኪሳራ ያለውን በደንቡ ያከፋፍል ነበር። ባንኩ ይሄ ያልገባው አይመስለኝም። ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ ነው ዝም የሚለው።

የንግድ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ግን ሕጉ ለእናንተ ክፍት መሆኑን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ክፍያ ከማቆማችሁ በፊት ዕዳችሁንና ንግዳችሁን መልሶ ለማደራጀት መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ያለባችሁን ሁሉ ጻፉ፤ የባንኩን፣ የእቁቡን፣ የምታፍሩበትን አራጣ ጭምር። ደረሰኝ አትጣሉ። ቤቱን በሌሊት ለአማች አታዙሩ፤ ተመልሶ እናንተው ላይ ማስረጃ ይሆናል። ጠበቃ የምትይዙት መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ አይሁን።

ለመምህሯና ለገበሬው የምነግረው ምክር የለኝም፤ ሕጉ የላቸውማ። የንግድ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርን አንጨቅጭቅ፤ ከጎጃም ተመርጠው አዲስ አበባ የተቀመጡትን እንጠይቅ። ኃላፊው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ባህል ከማስተማራቸው በፊት አንድ ነገር ይመልሱልን። ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ዕዳው ካልሞላ፣ ቀሪውን ከዚያ ሰውዬ እስከ ስንት ዓመቱ ድረስ ነው የምትሰበስቡት?