ማስተካከያ፦ የሥራ መታከት መጠይቅ ነጥብ በአንድ ላይ አይደመርም

የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የሥራ መታከት ስለሚለካው የማስላክ መጠይቅ (Maslach Burnout Inventory) ስንጽፍ፣ የ22ቱ ጥያቄዎች ነጥብ ተደምሮ አንድ ውጤት ይሰጣል ብለን ነበር። ስህተት ነው። በመጠይቁ የአጠቃቀም መመሪያ መሠረት ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ ይሰላሉ፦ የስሜት መዛል (9 ጥያቄ)፣ ለተማሪ ደንታ ማጣት (5) እና በሥራዬ ውጤታማ ነኝ የማለት ስሜት (8)። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል።

ጣጣው ሦስተኛው ላይ ነው፤ እዚያ ከፍተኛ ነጥብ ጥሩ ምልክት ነው። በቅደም ተከተል 18፣ 5 እና 42 ያመጣ፣ በማስተማር ችሎታው የሚተማመን መምህር ድምሩ 65 ይሆናል። 36፣ 12 እና 14 ያመጣው፣ በእርግጥም የዛለው ደግሞ 62። ድምሩን ብቻ ያየ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የማስተማር ጫናውን የሚያቀልለው ለማይገባው ሰው ነው።

በዚያ ስሌት የመመረቂያ ጽሑፍ የጀመራችሁ፣ ሦስቱን ለይታችሁ እንደገና አስሉ። መጠይቁን ዳግም ማስሞላት አያስፈልግም።