እርማት፦ የትዊንኪስ አምራች ከኪሳራው አላገገመም
በርካታ አስተያየት ሰጪዎች፣ የትዊንኪስ ኬክ አምራች የሆነው የአሜሪካው ሆስተስ በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስሮ እንደነበርና በዓመቱ ራሱን አስተካክሎ እንደተመለሰ ጽፈዋል። ስሙ አንድ በመሆኑ ስሕተቱ አይገርምም፤ ነገር ግን የተመለሰው ያው ኩባንያ አይደለም።

የቀድሞው ሆስተስ በኅዳር 2012፣ የጋጋሪዎቹ ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ ላይ ሳለ፣ መፍረሱን አስታውቆ 18,500 ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ንብረቱም ተከፋፍሎ ተሸጠ። ትዊንኪስንና ሌሎች ኬኮችን አፖሎ እና ሜትሮፑሎስ የተባሉ ባለሀብት ድርጅቶች በ410 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙ፣ ወንደር የተባለው ዳቦ ፍላወርስ ለተባለው ዳቦ ጋጋሪ ኩባንያ፣ ድሬክስ ኬክ ደግሞ ሊትል ዴቢ የተባሉት ኬኮች ባለቤት ለሆነው ለማኪ ኩባንያ ሄደ። በሐምሌ 2013 መደርደሪያ ላይ የታየው ኬክ፣ ስሙንና ጥቂት ፋብሪካዎችን በገዛ አዲስ ድርጅት የተጋገረ ነበር፤ እርሱንም በ2023 ስመከር የተባለው የአሜሪካ ምግብ ኩባንያ ገዝቶታል።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ «አገገመ» ካልን የተሰናበቱት ሠራተኞች ከነውላቸው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ይመስላል። ማረጋገጥ የሚፈልግ፣ ስመከር ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ የሚያቀርበውን ዓመታዊ ሪፖርት በነፃ ከፍቶ ሆስተስ የሚለውን ስም ይፈልግ።