ለጥቁር ፕላስተር የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው እሑድ ከሶደሬ ወደ አዳማ ስንመለስ፣ ጋቢና በተቀመጥኩበት መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ የፍሬን መብራት ሊታይ በሚገባው ቦታ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋ አየሁ። ባለመኪናው ኮራ ብሎ፣ «የፍሬን ሸራውን ራሴ ቀየርኩት፤ ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልጠፋ ሲለኝ እኔው አጠፋሁት» አለኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ ተገቢው ክብር እስካሁን አለመሰጠቱ እጅግ አሳዘነኝ።

ይህን ሊቅ በየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን በክሪክ አንሥቶ መተላለፊያውን ይዘጋል። ጎማው እንዲቆም ሸራውን የሚጫነውን ካሊፐር ፈትቶ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ይተወዋል፤ በዚያው በኩል የምታልፈው ቀጭን የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል) የፍጥነት ሴንሰር ሽቦ ብትወጠር ጉዳዩ አይደለም። ሸራው ባለቀ ቁጥር ዝቅ የሚለውን የፍሬን ዘይት «ጎደለ» እያለ ሲሞላው ስለኖረ፣ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በጉልበት ወደ ውስጥ ሲመልሰው ዘይቱ ገንፍሎ የመኪናውን ቀለም ይልጠዋል። በመጨረሻም ቁልፉን ሲያዞር፣ ለጥቂት ሴኮንድ በርተው ሊጠፉ የሚገባቸው ቢጫው የኤቢኤስና ቀዩ የፍሬን መብራት እንደበሩ ይቀራሉ።

ተራ ሰው ቢሆን ኖሮ የእጅ ፍሬኑ በደንብ መለቀቁን፣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን፣ የሴንሰሩ ሶኬት መሰካቱንና ሽቦው አለመበጠሱን ያይ ነበር፤ ቢጫው ብቻውን ሲበራ ዋናው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ እየሠራ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል ብቻ እንደተቋረጠ፣ ቀዩ ሲታከልበት ግን መኪናውን ማቆም እንደሚያስፈልግም ይረዳ ነበር። የእኛ ሊቅ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ኮምፒውተሩ ጥፋቱን እንዲረሳ ይጠብቃል። የብዙ መኪና ኮምፒውተር እንዲህ በቀላሉ አይረሳም፤ ቢረሳም ጎማዎቹ ጥቂት እንደዞሩ የአንዱ ፍጥነት አለመነበቡን ዐውቆ መብራቱን መልሶ ያበራዋል። የሚጠፋው ተስተካክለው የነበሩት የሬዲዮ ጣቢያዎች ብቻ ናቸው።

ፕላስተር የሚመጣው ያኔ ነው። የመጀመሪያዋ ስሳ ስለሆነች ማታ ማታ ቀዩ ብርሃን በላይዋ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ትደረብባታለች። የአዳማ ፀሐይ ሙጫውን ታቀልጠውና ሁለቱም ተንሸራተው የነዳጅ መለኪያውን ይሸፍኑታል፤ ሊቁም ነዳጅ አልቆበት በባጃጅ እየተሳበ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚህ ትምህርት ወስዶ ፕላስተሩን በመተው «ጌታ ጠባቂዬ ነው» የሚል ስቲከር ይለጥፋል። ሲመሽ ቀዩ መብራት ከኋላ ስለሚያበራቸው ፊደላቱ ይንቦገቦጋሉ፤ ጓደኞቹም ተገርመው ከየት እንዳመጣው ይጠይቁታል፤ እርሱም «ከዱባይ ነው» ይላል። አንዱ ጓደኛው ያንኑ ስቲከር ገዝቶ ቢለጥፍ አልበራ ይለዋል። ምክር ሲጠይቅም ሊቁ በለጋስነት፣ «መጀመሪያ ፍሬንህን እኔ ልሥራልህ» ይለዋል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። እንዲህ በተሠራ ፍሬን ቱቦ ውስጥ አየር ገብቶ ከቀረ፣ ሲረገጥ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ምክንያቱም አየር ይታመቃል፣ የፍሬን ዘይት ግን አይታመቅም። ይህ ሰው በዚህ ፍሬን በአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንዲት ሴኮንድ ወደ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለመካኒክ የሚከፈለውን ገንዘብ ቆጥቦ ከፊቱ ባለው ሚኒባስ ውስጥ እናታቸው ጉያ የተኙትን ሕፃናት መያዣ ማድረግ ድፍረትም ቁጠባም አይደለም፤ ወንጀል ነው። አጠገቡ ተቀምጠን እያየን ዝም የምንለውም ተባባሪዎች ነን።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። የሊቁ ጥበብ ጫፍ የሚደርሰው መኪናው ሲሸጥ ነው። ስቲከሩ ገዢን ያስጠረጥራልና ይነሣል፤ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ አምፖሉ ራሱ ይወጣል። ነገር የሚያውቅ ገዢ ግን አስቀድሞ ቁልፉን አዙሮ የፍሬን መብራቱ በርቶ ይጠፋ እንደሆነ ያያልና፣ «ይሄ ለምን ከመጀመሪያውም አልበራም?» ብሎ ይጠይቃል። ሊቁም ዓይኑን ሳያሽ፣ «ፍሬኗ ጤነኛ ስለሆነ ነው» ብሎ ይመልስና ዋጋው ላይ ጥቂት ይጨምራል።