መምህሩ ሲሰናበት ማን ከማን ይተሳሰባል?

በዓረብ ኤምሬቶች የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ከፈረንጆች ገና ዕረፍት ሲመለስ አንድ ቅጽ ይጠብቀዋል። «በሚቀጥለው ዓመት ትቀጥላለህ ወይስ ትለቃለህ?» ይላል። መምህሩ እንደሚቀጥል ምልክት አድርጎ ይፈርማል። ትምህርት ቤቱ ግን የራሱን መልስ የሚሰጠው የተማሪው ምዝገባ ከታወቀ በኋላ ነው። ተማሪ ከቀነሰ ክፍል ይታጠፋል፤ ክፍል ከታጠፈ መምህር ይታጠፋል። ጨዋታው በሙሉ በትሕትና፣ በማኅተምና በጥሩ ወረቀት ይካሄዳል።

አገር ቤት ያሉ ወገኖቻችን ውጭ አገር ሥራ ማጣትን የሚያስቡት ሻንጣ ሸክፎ ቦሌ መውረድ አድርገው ነው። እኔ ዱባይና ሻርጃ ውስጥ ኖሬ የታዘብሁት ግን ሌላ ነው። ሰው ውሉን በትክክል የሚያነበው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሲቀጠር የሚያየው የደመወዙን ቁጥርና የአውሮፕላን ትኬቱን ብቻ ነው። ማን አራተኛው ገጽ ድረስ ይሄዳል?

ባለፈው ዓመት የተሰናበተ አንድ የሒሳብ መምህር አለ፤ ስሙን እንተወው። አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት አስተምሮ የመጣ፣ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋ ጠራችው፤ ሻይ አስቀረበች፤ ሥራውን አመሰገነች። በመጨረሻ «ለስምህም ለሥራ ልምድ ደብዳቤህም የሚሻለው በራስህ ፈቃድ እንደለቀቅህ ብትጽፍ ነው» አለችው። መጻፍ እንኳ አላስፈለገውም፤ ወረቀቱ ተተይቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

ነገ እፈርማለሁ ብሎ ወጣ። ያዳነው በመምህራን ክፍል አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ዕድሜውን በዚያ አገር የጨረሰ ግብፃዊ የዐረብኛ መምህር ነው። ሰውየው አላጽናናውም፤ «መድኑን ስትከፍል ነበር?» ብቻ ብሎ ጠየቀው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በኤምሬቶች የሥራ ማጣት መድን ግዴታ ሆኗል። መሠረታዊ ደመወዙ እስከ 16,000 ድርሃም የሆነ ሠራተኛ በወር 5 ድርሃም ይከፍላል። ለ12 ተከታታይ ወራት ከፍሎ ያለ ጥፋቱ ከተሰናበተ፣ የመሠረታዊ ደመወዙ 60 በመቶ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይታሰብለታል። በራሱ ፈቃድ ለለቀቀ ግን ቤሳ የለም። የእኛ ሰው መሠረታዊ ደመወዝ 4,000 ድርሃም ነበር። ያቺ «ለስምህ ይሻላል» የተባለላት ወረቀት 7,200 ድርሃም ልትበላው ነበር ማለት ነው። አልፈረመም። ርዕሰ መምህሯም አልተቆጣችም፤ ሞክራ ነበር፣ አልሆነም፤ በማግሥቱ ትክክለኛውን የስንብት ደብዳቤ ሰጠችው።

ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባም «በፈቃድህ ልቀቅ፣ ጥሩ መሸኛ እንጽፍልሃለን» ይባላል። በፈቃዱ ለቀቀ የተባለ ሠራተኛ እንደ ተቀነሰ ሠራተኛ አይከፈለውም፤ መሸኛው ግን እውነትም ያማረ ይሆናል። አሠሪ በየትም አገር አሠሪ ነው፤ ሻይ ማስቀረቡ ብቻ ይለያያል።

ቀጥሎ የስንብት ክፍያው ሒሳብ መጣ። ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ መጥቶ አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው፤ የሒሳብ መምህር ለመደመር እኔን አይፈልግም፣ የፈለገው ያየውን እንዳምንለት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የሠራተኛ ሕግ፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ እንዲከፈለው ያዛል። መምህሩ አራት ዓመት አገልግሏል፤ 84 ቀን ማለት ነው። ለአራት ዓመት ሙሉ ለዘመድም ለወዳጅም «ደመወዜ 8,000 ነው» ሲል ኖሯል፤ ስለዚህ በልቡ የያዘው 22,400 ድርሃም ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 11,200 ነው። ስህተት የለበትም። ሕጉ ደመወዝ ሲል በዚህ ቦታ መሠረታዊውን ብቻ ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበሉ አይቆጠርም። ትምህርት ቤቱ ሲቀጥረው 8,000ውን ለሁለት የከፈለው ለምን እንደነበረ ያን ዕለት ገባው።

ሕጉን አልወቅሰውም። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ከ30 እስከ 90 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሰናበተው ሰው ሥራ የሚፈልግበት በሳምንት አንድ ቀን፣ ያለ ክፍያም ቢሆን፣ ይፈቀድለታል። ሒሳቡ ውሉ ባለቀ በ14 ቀን ውስጥ መዘጋት አለበት። አሠሪው ለቅጥር ያወጣውን ወጪ ከሠራተኛው ላይ መልሶ መቁረጥ አይችልም። በአሮጌው የ1980 እ.ኤ.አ. ሕግ ዘመን የጊዜ ገደብ ያለውን ውል አቋርጦ የወጣ ሠራተኛ እስከ 45 ቀን ደመወዙን በካሣ ይጠየቅ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። መምህሩም ገንዘቡ በቀኑ ገባለት።

ገባለት፣ ግን አላወጣውም። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ግዴታ የሚጀምረው። ቢሾፍቱ ለጀመረው ቤት ከባንክ ተበድሮ ነበር። በኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ባንኮች ለግለሰብ እስከ ደመወዙ 20 እጥፍ በ48 ወር የሚከፈል ብድር መስጠት ይችላሉ፤ ደመወዝተኛው ደግሞ የሚችለውን ያህል ሳይሆን የተፈቀደለትን ያህል ይበደራል። የስንብት ክፍያ መሆኑ ታውቆ ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ ሲገባ ባንኩ አገደው። ይህም ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ በብድር ውሉ ውስጥ ፈርሞበታል። አራት ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመበት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ይታየዋል፣ አይነካውም። ዕዳው ከ10,000 ድርሃም በላይ ከሆነ ደግሞ አበዳሪ ፍርድ ቤት ሄዶ ከአገር እንዳይወጣ ማሳገድ ይችላል። ሻንጣ ሸክፎ ቦሌ የሚወርደው ሰው እንግዲህ የትኛው ነው?

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። አከራዩ መሳቢያ ውስጥ ቀን የሚጠብቁ ቼኮች አሉ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንቅ የሌለው ቼክ እንደ ድሮው ወደ እስር ቤት የሚወስድ አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ፍርድ አፈጻጸም የሚሄድ ዕዳ ግን ነው። ልጆቹ የሚማሩት እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በሠራተኛ ቅናሽ ነበር፤ ቅናሹ ከአባትየው ጋር ተሰናበተ። ሚስቱና ልጆቹ የገቡት በእሱ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ከመሰረዙ በፊት የእነሱ መሰረዝ ወይም መታገድ አለበት። አንድ ደብዳቤ የአራት ሰው መኖሪያ አናጋ። የእፎይታው ጊዜ ዛሬ እንደ ፈቃዱ ዓይነት እስከ 180 ቀን ይደርሳል፤ ድሮ ግን በአብዛኛው 30 ቀን ብቻ ነበር። አሜሪካም ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ የሚያስተምር የአገራችን ሰው ሥራውን ሲያጣ የሚሰጠው ቢበዛ 60 ቀን ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ፤ የሚገርመኝ ይኼኛው ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ የስንብት ክፍያ የሚገባው ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ ያገኛል። አራት ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር ደመወዝ ማለት ነው። ስንብቱ በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። ማስጠንቀቂያው ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው። በወረቀት ላይ ቢመዘን አዲስ አበባ የተቀነሰው መምህር ዱባይ ከተቀነሰው ያላነሰ፣ እንዲያውም በወር ብዛት የሚበልጥ ክፍያ ይገባዋል። ይህን ስነግራቸው የሚያምኑኝ የሥራ ባልደረቦች የሉም፤ አዋጁን አውጥቼ ሳሳያቸው ደግሞ ይስቃሉ።

ሳቃቸው ምክንያት አለው። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች መምህሩን ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ ያስፈርሙና ክረምት ሲገባ «ውልህ አልቋል» ይሉታል፤ መስከረም ሲጠባ እንደ አዲስ ይቀጥሩታል። ሕጉ የሥራ ውልን በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጥረው፤ ግን ይህን ብሎ የሥራ ክርክር ችሎት የሚቆም መምህር ስንት ነው? የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ባለቤት የዚህኛው ወዳጅ ሊሆን ይችላል። መምህሩም ዝም ብሎ ክረምቱን በማስጠናት ያሳልፋል። እዚያ የጎደለው ሕግ ሳይሆን ሕጉን የሚጠይቅ አፍ ነው። ኤምሬቶች ውስጥ የሠራተኛ ሚኒስቴሩን አቤቱታ ሰው በስልኩ ይሞላል፤ ጥያቄው ከ50,000 ድርሃም ካልበለጠ ሚኒስቴሩ ራሱ ይወስናል። ግብፃዊው፣ ሕንዳዊው፣ ፊሊፒናዊው ያውቀዋል፤ የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከእነሱ ነው። ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው ዝምታ እዚህም ያስከፍለናል።

ደግሞ ዋስ አለ። በአገራችን ሰው ለሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለትምህርት ወደ ውጭ ሲላክ ተመልሶ ለተወሰኑ ዓመታት እንደሚያገለግል ሲፈርም ሌላ ሰው ደመወዙን ወይም ንብረቱን ይዞ ከጎኑ ይፈርማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናው በጽሑፍ እንዲሆንና የገንዘቡ ጣሪያ እንዲጠቀስ ያዛል፤ ብዙ ዋሶች ግን ያንን ቁጥር የሚያዩት መጥሪያው ሲደርሳቸው ነው። አንዱ አውሮጳ ቀርቶ ሌላው ደብረ ማርቆስ ላይ ደመወዙ ሲቆረጥ አይቻለሁ። የአጎት ልጆች ነበሩ፤ አሁን በለቅሶ ቤት እንኳ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ዱባይ ያለው ባንክ ጨካኝ ነው፣ ግን የሚጨክነው በፈረመው ሰው ላይ ነው። ምረጥ ብባል የራሴን ሒሳብ የሚያግደውን እመርጣለሁ።

ማንም ያልፈረመበት፣ ሁሉም የሚያስከብረው ውል ደግሞ ሌላ ነው። መምህሩ መሰናበቱን ለእናቱ አልነገራትም፤ «ዕረፍት ላይ ነኝ» አላት። ለስኳር መድኃኒቷና ለታናሽ ወንድሙ የኮሌጅ ክፍያ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ አልተቋረጠም፤ ከክሬዲት ካርድ እያወጣ፣ ወለዱን እየተሸከመ ላከ። ለምን እንደማይነግራት ስጠይቀው «ከነገርኋትማ መድኃኒቱን ትተዋለች» አለኝ። ይህን ሰምቼ የምመክረው ነገር አልነበረኝም፤ ሚስቱ ግን ነበራት። ለወንድምየው ራሷ ደውላ እውነቱን ነገረችው፣ ልጁም የማታ ሥራ ያዘ። እናትየው እስካሁን አታውቅም። ውጭ ያለነው ሰዎች አገር ቤት ያሉትን አታላይ፣ ጠያቂ፣ የማይጠግቡ እያልን እናማቸዋለን፤ ስንቶቻችን ነን እውነተኛውን የደመወዝ ወረቀታችንን አሳይተናቸው የምናውቅ? የምንልክላቸው ፎቶ ከመኪና አጠገብ የተነሳነውን ነው።

ባንኩ በድርድር የወር ክፍያውን ለጊዜው አሳነሰለት፤ መድኑም ተከፈለው። ነሐሴ ላይ አጅማን ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ጠቅላላ ደመወዙ ወደ 7,000 ድርሃም ወርዷል። ሊፈርም ሲል አብሬው ነበርሁ፤ የቅጥር ሠራተኛዋ ሙሉ ድምሩን በጣቷ እያሳየች ስታብራራለት እሱ ገጹን ገልብጦ ክፍፍሉን ይፈልግ ነበር። መሠረታዊው 3,500 ይላል። 5,000 ይሁንልኝ አለ፤ ድምሩ ግን አይጨመር። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ውስጥ ገባች፤ ብዙ ቆይታ ተመለሰችና 4,500 ድረስ እንደሚቻል ነገረችው። አራተኛውን ገጽ እስኪጨርስ አስጠበቃት፣ ከዚያ ፈረመ።