አዳራሹ ውስጥ ለሳቅን ሁሉ

ወገኖቼ፣ የምጽፈው ስለ መድረክ መሪው አይደለም። እሱን ትቼዋለሁ። ስለ እኛ ነው፤ ወንበር ላይ ስለተቀመጥነው።

አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ በሰፈራችን የዓመት ዕቅድ ረቂቅ ላይ ተወያዩ ተብለን ተጠራን። ለ2:30 ተጠርተን 4:00 ተጀመረ። በር ላይ አቴንዳንስ ፈረምን፣ ውኃ ታደለን። ሰነዱ ከ1 ሰዓት በላይ ተነበበ። ለጥያቄ 20 ደቂቃ ተረፈ።

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ጉልት የሚሸጡ እናት ናቸው። ማይኩ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና 4 ቦታ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ።

«ይቺን የከፈልኩት ለጎርፍ መውረጃው ነው። ቦዩ አልተቆፈረም። ውኃው ቤቴ ገባ። አሁን ለኮብልስቶን አዋጡ ስትሉን፣ የፊተኛው ብር የት ደረሰ?»

መሪው ሰዓቱን አየ። «እማማ፣ አጀንዳችን የመጪው ዓመት ዕቅድ ነው።»

ይኼስ ይሁን። ከኋላ ግን አንዱ «ቲማቲሙ ሳይበሰብስብዎት ይሂዱ!» አለ። አዳራሹ አውካካ። ደረሰኙን መልሰው ሲያጥፉ አየኋቸው፤ እንደነበረው፣ 4 ቦታ። ነጠላቸውን ሲቋጥሩ ቀና አላሉም።

ቀጥሎ አንድ ሰው ተነሳ። «ሰነዱ በጣም ጥሩ ነው፤ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ።» አጨበጨብን።

እናንተ፣ አናፍርም? ከጠዋት ጀምሮ የሰማነው ቁም ነገር የእሳቸው ጥያቄ ብቻ ነበር! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጋ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅም የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሳያወጣ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሕግ ግን ሳቅን አይከለክልም።

እኔም ስቄያለሁ። ድምፅ አላወጣሁም፣ ጥርሴ ግን ታይቷል። እንደዚያ ያለ ደረሰኝ እኔም ቤት አለ። «የእኔም አለ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አልወጣኝም። ስንወጣ ግን ማኪያቶ ይዤ «ድሮም ለይስሙላ ነው» እያልኩ ሳብራራ አረፈድኩ። አያቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት ፈርተው ነው። እኛን ምን አስፈራን? የተጠየቀው እኮ የቦይ ብር ነው። በር ላይ የፈረምነው ለመገኘታችን ነበር። በኋላ «ነዋሪው ተወያይቶ አጸደቀ» ሲባል ሰማን፤ ያን ጊዜም ዝም አልን።

ሰሞኑን ሽንኩርት ልገዛ ጉልታቸው ጋ ቆምኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ «መደቡ ስንት ነው?» ብቻ አልኩ። እሳቸው ግንቡ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«የስብሰባ ጥሪ ነው። ማክሰኞ 2:30።»

«በ4 ይጀመራላ።» ሽንኩርቱን ፌስታል ውስጥ ጨመሩልኝ። «ያቺን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ።»

ማታ መሳቢያዬን በረበርኩ። ደረሰኜ አለ፤ ማኅተሙ ደብዘዝ ብሏል። ማክሰኞ የምትመጡ፣ የእናንተንም ፈልጉ። የጠፋባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እሳቸው ሲናገሩ አትሳቁ።